ስም ሲጠራ «አለ» የሚሉ ሰዎች

ጥቅምት 4

ለእታለሜ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ላስቀድም፤ ፖስታው ወፍራም ሆኖ ብታገኚው አትደንግጪ፣ ማንም አልሞተም። ወሬ በዝቶብኝ ነው። ፈጣሪ ጤናሽን ያብዛልሽ፣ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ የምታገላብጫቸውን አዛውንቶች ክብደት ያቅልልሽ። እኛ አለን። ልጅሽ አለ፣ እኔም ወገቤን ይዤ አለሁ።

ለምን አትደውልም ትይኛለሽ። በቤታችን ስልክ የሚደወለው ሰው ሲሞት ብቻ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ የአምቡላንስ ጣቢያ ስልክ ሲጮህበት ለዋለ ሰው፣ ቤት ገብቶ ሌላ ስልክ ማንሳት ቅጣት ነው። ስልክ ሲጮህ እግሬ ሳያማክረኝ ጫማ ፍለጋ ይሄዳል። ብዕር ቢያንስ አይጮህም።

ወደ ወሬው ልግባ። ከላይ ትእዛዝ መጥቷል። አምቡላንስ ላይ የሚሠራ ሁሉ፣ ሹፌርም ሆነ ነርስ፣ የጉበት በሽታ ክትባት ይውሰድ ተብሏል። ሦስት ዙር ነው፤ አንዱ አሁን፣ ሁለተኛው በወሩ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። በመጨረሻ ደም ይመረመራል፣ ደሙ መከላከያ ያላሳየ መኪና ላይ አይወጣም። የፈረቃ አለቃ ስለሆንኩ ይህን የማስፈጽመው እኔ ነኝ፤ ማለትም የምሰደበው እኔ ነኝ።

ጠዋት ስም ስጠራ ነገርኳቸው። የእኛን የስም ጥሪ ብታዪ ትስቂ ነበር። ግማሹ መኪና እያጠበ፣ ግማሹ ኦክስጅን እየቀየረ ስለሚሆን፣ ለሌለው ሰው የመኪና ጓደኛው «አለ» ይልለታል። ለልጅሽ «አለ» የሚልለት ሹፌሩ ጉልቤ ነው። አንድ ቀን እንዲያውም ልጅሽ አጠገቡ ቆሞ ሳለ «አለ» አለለት። አላርማቸውም። አንዱ ለሌላው ካልቆመ ይህ ሥራ አይሠራም።

ትእዛዙን ስናገር ሁሉም ተንጫጫ፣ ልጅሽ ብቻ ዝም አለ። አንቺ ያወጣሽለትን «ቀጮ» የሚል ስም ጣቢያው ሁሉ ተቀብሎታል፤ አሁን አለቆችም ቀጮ ነው የሚሉት። ቀጮ ሲቆጣ ይናገራል፣ ሲፈራ ዝም ይላል። ያሳደግኩት እኔ ነኝና አውቀዋለሁ። ለእሱ የጻፍሽለት ነገር ካለ ንገሪኝ።

ሌላው፣ የሥራ ጫማው ሶሉ አልቋል። እርጥብ ደረጃ ላይ በሽተኛ ይዞ ሲንሸራተት አይቻለሁ። እዚያ ጥሩ ጫማ ካገኘሽ ላኪለት።

ወንድምሽ


ኅዳር 19

ለወንድም ዓለም፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከሥራ ስገባ ነው፤ ካፖርቴን ሳላወልቅ አነበብኩት። ደህና መሆናችሁ ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። ፈጣሪ ከመንገድና ከክፉ ሰው ይሰውራችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደክሞኛል፣ ግን ድካም በሽታ አይደለም፤ በሽታ ቢሆን ፈቃድ ይሰጡኝ ነበር። የአዛውንቶቹ ቤት አሳንሰር ከተበላሸ ሰንብቷል፣ ምሳ በእጃችን ሦስት ፎቅ እናወጣለን።

ስለ መርፌው። ልጄን ተውልኝ። አለቃ አይደለህም? አለቃነት አንድ ሰው ካላተረፈ ምን ይጠቅማል? ስም ስትጠራ ስንት ዓመትህ ነው፣ አንድ ስም መዝለል አያቅትህም። ካልሆነም ከመኪና አውርደህ ስልክ ላይ አስቀምጠው። የፈለገ ይወጋ፣ የእኔ ልጅ ግን ይቅርበት። ለምን አትበለኝ።

አንቺስ አልተወጋሽም ወይ ብትለኝ ተወግቻለሁ። እዚህ ያለዚያ በር አያስገቡም። ፊቴን አዙሬ ክንዴን ሰጠኋቸው። የእኔ ክንድ ሌላ ነው።

ጫማውን በሰው ልኬአለሁ። ቁጥሩን አልጻፍክልኝም፣ በማውቀው ገዛሁ። ሳምልኝ። ያፍራል፣ ቢሆንም ሳመው።

እህትህ


ታኅሣሥ 12

ለእታለሜ፣

የጤናሽ ነገር ከሁሉ ይቅደም፤ ያ አሳንሰር ተሠራ? ሰላምታዬ እሱ እስኪሠራ ደረጃ ይውጣልሽ።

ቁጣሽም ጫማሽም ደርሰውኛል። ሁለቱም ጠበቡ። ጫማው ለቀጮ በሁለት ቁጥር አንሶታል። ጥለሽው ስትሄጂ በነበረው እግሩ ነው የገዛሽለት። አልከፋውም፣ ብቻ ጫማውን ይዞ ትንሽ ቆየ። ለእኔ ግን ልክክ አለልኝ፤ አሁን የማደርገው እኔ ነኝ። ለእሱ እዚሁ ፈልገን አገኘን።

ስም ዝለል ላልሽኝ፣ አልዘልም። ያንቺን ልጅ ዘልዬ የሌላዋን እናት ልጅ አሰልፌ ባስወጋ፣ በማግስቱ በየትኛው አፌ ስም እጠራለሁ? ደግሞም መዝለል አላስፈለገኝም። ወስዷል እኮ። ሁለቱንም ዙር ወስዷል። የክትባቷ ነርስ ከሌላ ቦታ መጥታ ከመጋረጃ ጀርባ ስም እየጠራች ስትወጋ ዋለች። እኔ ሁለቱንም ቀን ጥሪ ላይ ነበርኩ፣ ስመለስ ግን ማን ቀረ ብዬ ጠየቅኳት፤ ከእናንተ ፈረቃ ማንም አልቀረም አለችኝ። እፎይ አልኩ። አንቺን ላለማስቀየምና እሱን ላለማጣት መሃል ላይ ተወጥሬ ነበር፣ ልጁ ራሱ ገላገለኝ።

ጉልቤን ብታዪው ደግሞ። ያ ወፍራም በሽተኛ ከነቃሬዛው ብቻውን የሚያነሳ ሰውዬ፣ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ሁለቱም ክንዴ አበጠ ብሎ ሁለት ቀን ምንም አላነሳም። «ሁለቱም?» ስለው፣ «አለቃ፣ እኔ ስታመም በግማሽ አላውቅም» አለኝ። ጣቢያው በሳቅ አለቀ። ጉልበቱ ለካ ለወሬ ነው።

እኔ ራሴ አለቆች ቀድመው ይውሰዱ ሲባል አምና ሦስቱንም ጨርሼ ነበር። ደምህ መልስ አልሰጠም ብለውኝ እንደገና ሌላ ሦስት ተወጋሁ። ሰሞኑን ደም ሰጥቻለሁ፣ ውጤቱን እየጠበቅኩ ነው። ምንም አይደለም።

ወንድምሽ


ጥር 23

ለወንድም ዓለም፣

ዕድሜህን ያርዝመው። መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶ ነው ብልህ ታምነኛለህ? እመነኝ።

የልጄ ክንድ ነገር ካለቀ አለቀ። ከእንግዲህ ስለሱ አትጻፍልኝ።

እዚህ የማበላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ማንኪያውን ባቀረብኩላቸው ቁጥር «አንቺስ በልተሻል?» ይሉኛል። በልቻለሁ እላቸዋለሁ። አልበላሁም፣ ግን ካልበላሁ እሳቸውም አይበሉም። መጀመሪያ ውሸት አይመስለኝም ነበር። አሁን አሁን፣ ሰው ሰውን ደስ ላሰኝ ብሎ የሚናገረው ነገር መጨረሻው ምንድን ነው እያልኩ ማሰብ ጀምሬአለሁ።

እንዲያው ለወሬ ያህል ልጠይቅህ። ሥራ ላይ የበሽተኛ መርፌ የወጋው ሰው ምን ይደረጋል? ያልተከተበ ቢሆን ማለቴ ነው። ደግሞ ቀጮን ቢሮ ውስጥ ብታስገባልኝ ምን አለበት? ስልኩ ላይ ካልሆነ ዕቃ ክፍል። ንጹሕ ልጅ ነው፣ ለዕቃ ክፍል ይሆናል።

ጫማው ጠበበው ስትለኝ አለቀስኩ። ሻጩ ቁጥር ስንት ሲለኝ እኮ ሳላመነታ ነው የነገርኩት።

እህትህ


የካቲት 8

ለእታለሜ፣

ነገ ወደ እናንተ የምትበር ሴት አግኝቼ ነው የምጽፈው፤ በሦስተኛው ቀን እጅሽ ይገባል። ሰላምታው አጠረ እንጂ ናፍቆቱ እንደነበረ ነው።

ትናንት ቀጮን መርፌ ወግቶታል። አትደንግጪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢ። በሽተኛው ጉበቱን ይህ ክትባት የወጣለት በሽታ የያዘው ሰው ነው፣ ቤተሰቡም አልደበቁም፣ ገና በሩን ሲከፍቱ ነገሩን። መኪና ውስጥ ግሉኮስ ሊሰካለት ደም ሥሩን አግኝቶ ሳለ፣ ውሻ መንገድ ገባ፣ ጉልቤ ፍሬን ያዘ፣ መርፌው ከሰውዬው ክንድ ወጥቶ በጓንቱ በኩል የልጅሽ አውራ ጣት ውስጥ ገባ። ልጅሽ ሌላ መርፌ አውጥቶ ግሉኮሱን ሰካ፣ ሰውዬውን ሆስፒታል አስረከበ፣ ከዚያ ነው ለእኔ የነገረኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው ያለሽ።

ለወሬ ያህል ላልሽው መልሱ ይኸው። ያልተከተበ ሰው ቢሆን ኖሮ ቶሎ፣ ቢቻል በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ሳምንት ሳይሞላው፣ ሌላ መድኃኒት ይወጋ ነበር። ከዚያ ካለፈ መድኃኒቱ ዋጋ የለውም ይላሉ። ልጅሽ ግን የተከተበ ነው። እጁን በሳሙናና በብዙ ውኃ አሳጠብኩት፣ ለሐኪሙም ሁለት ዙር ወስዷል አልኩት። ሐኪሙ እንግዲያው ሦስተኛውን ሳንቆይ አሁኑኑ እንስጠው አለ። ቀጮ «ነገ እመጣለሁ፣ ዛሬ ደክሞኛል» ብሎ ዓይኔን ሳያይ ሄደ። ዛሬ ተራው አይደለም፣ ከሰሞኑ አንዱን ቀን እወስደዋለሁ።

የእኔም ውጤት መጣ። እንደገና የተወጋሁትም አልያዘም። አንዳንድ ሰውነት ክትባቱን አይቀበልም አለኝ ሐኪሙ፣ ጥፋት የለብህም አለኝ። ስድስት ጊዜ ተወግቼ፣ ሰው የሌለበት ቤት እንደማንኳኳት ነው የሆነው። ለማንም አልነገርኩም። እኔው ባነበብኩት ትእዛዝ መኪና ላይ መውጣት የለብኝም። ሰዎቼ ክንዳቸውን እየደበቁ ይቅርብን ሲሉ የከረሙትን ነገር፣ እኔ ለምኜ ነው ያጣሁት። ደክሞኛል እታለሜ። ዕድሜ ብቻ አይመስለኝም።

ወንድምሽ


የካቲት 11

ለወንድም ዓለም፣

ስልኩን ዘግቼ ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት። ሰላምታውን በስልክ ረስቼዋለሁና አሁን ተቀበለኝ፤ ፈጣሪ ደግ ያሰማን።

«አምቡላንስ ጣቢያ፣ አደጋው የት ነው?» አልክ። ድምፅህን አላወቅኩትም፣ እንዲህ አርጅቷል እንዴ? ስሜን መናገር ጠፍቶኝ «ቤታችን» አልኩህ። ቶሎ አወቅከኝ። «ማን ሞተ?» አልከኝ። ሌላ ምን ትበል።

በስልክ የተንተባተብኩትን በሥርዓቱ ልጻፍልህ። ልጄ አንድም መርፌ አልተወጋም። በሁለቱም ዙር ስሙ ሲጠራ ሌላ ሰው ነው የገባለት። ታኅሣሥ ላይ ጽፎ ነገረኝ፣ ደስ የሚለኝ መስሎት። ደስም አለኝ። ጎበዝ አልኩት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ተበላሸ፣ ቢሆንም ላንተ አልጻፍኩም፤ ብጽፍልህ ሥራውን ያጣል፣ ባልጽፍልህ ምን እንደሚያጣ ማሰብ አልፈለግኩም።

ለምን አትበለኝ ብዬህ ነበር። አንተ ታውቃለህ፣ አንድም ቀን አንስተህብኝ አታውቅም፣ ስለዚያ አመሰግንሃለሁ። ቀጮ ሳይወለድ በፊት የነበረችኝ ልጅ ክትባት በወሰደች በሦስተኛው ቀን ነው የሞተችብኝ። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው፣ ከመርፌው በፊት የያዛት ነው፣ መርፌው አልነካትም ብሎ ደጋግሞ አስረዳኝ። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ አልሰማሁትም። እኔ ያየሁት ክንዷ ላይ የተለጠፈችውን ጥጥ ነው። እውነቱን እንደነገረኝ ዛሬ አውቃለሁ፣ ያኔም ሳላውቅ አልቀርም። ግን አንድ የምጠላው ነገር ያስፈልገኝ ነበር፣ መርፌውን ጠላሁት። ቀጮን ትቼው ስወጣ ጫማም ልብስም አልተውኩለትም፤ ይህን ፍርሃት ግን ተውኩለት።

አሁን የምለምንህ ሌላ ነው። ሳምንት አልሞላውም። አስወጋው። እንቢ ካለህ እናትህ ናት ያለችው በለው።

እህትህ


መጋቢት 2

ለእታለሜ፣

መልሰሽ ስትደውዪ ተወግቷል ብዬሽ ቶሎ የዘጋሁት ሌላ ጥሪ ስለመጣብኝ ነው። አሁን ቁጭ ብዬ ልንገርሽ። ፈጣሪ ይመስገን፣ አንቺም ተመስገኚ፤ ስልክ በመደወልሽ።

መጀመሪያ የደወልሽ ቀን ስልኩን እንዳስቀመጥኩ ጉልቤን ፍለጋ ሄድኩ። መኪና ሥር ተኝቶ ነበር፣ እግሩን ጎትቼ አወጣሁት።

«ስንት ጊዜ ነው የተወጋኸው?» አልኩት።

«አራት።»

«ሁለቱ የማን ናቸው?»

ጎማው ላይ ተደገፈና፣ «አለቃ፣ ስሙ ሲጠራ አልነበረም። ሽንት ቤት ገብቶ አልወጣም ብሎ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ 'አለ' አልኩ። 'አለ' ካልኩ በኋላ ነርሷ ግባና ክንድህን አምጣ አለችኝ። የለም ልበላት? ለራሴ ግራውን ሰጥቼ ነበር፣ ለሱ ቀኙን ሰጠሁ» አለኝ።

«በሁለተኛው ዙርስ?»

«አንዴ 'አለ' ብያለሁ። እንዴት ልመለስ?»

ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሰው ለሰው ሲዋሽ በየጠዋቱ ቆሜ እየሰማሁ ወዳጅነት ነው ስል ኖሬአለሁ።

ቀጮ ቃሬዛ እያጠበ ነበር። «እናትህ ደውላለች» አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ፣ «ማን ሞተ?» አለ። «ካልተነሳህ አንተ» አልኩት። ቃሬዛውን ትቶ ተከተለኝ።

መርፌው ጣቱን በወጋው በአራተኛው ቀን ነው ሐኪሙ ጋ የደረስነው። ሁለት መርፌ በአንድ ጊዜ፣ መድኃኒቱ በአንዱ ክንድ፣ ክትባቱ በሌላው። ነርሷ ስትቀርብ እጄን ያዘ። ያ በደም ተለውሶ የማይደነግጥ ልጅ፣ አገር የሚያክል ጎረምሳ፣ እጄን ያዘ። «እናቴ ይወጋ ያለችው እውነት ነው?» አለኝ። እውነት ነው አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። ሐኪሙ ተስፋው ጥሩ ነው፣ ግን በእርግጠኝነት የምናውቀው ከስድስት ወር በኋላ በደሙ ነው ብሏል። ክትባቱን በየወሩ ይቀጥላል፣ ደሙ እስኪታይ ድረስ መኪና ላይ አይወጣም። ጉልቤን ሐኪሙ መረመረውና፣ ምንም አይሆንም ብሎ ሳቀበት።

በማግስቱ ስም ስጠራ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለሌላ ሰው «አለ» ማለት ቀርቷል አልኳቸው። ከዚያ የራሴንም ውጤት ነገርኳቸው። ሌላ ሰው ሲተካልኝ እወርዳለሁ አልኳቸው። ማንም አልቀለደም።

ወንድምሽ


ሰኔ 6

ለወንድም ዓለም፣

እጅህ ይባረክ። የልጄን እጅ ስለያዘው እጅህ ማለቴ ነው።

ቀጮ ራሱ ጻፈልኝ፣ ሚያዝያ ላይ ሦስተኛውን ወሰድኩ ብሎ። ክንዴን አሞኝ ነበር ይላል፣ እኔ ይለፍልህ ስል ውዬ፣ ልጅ ሆኖ ሲያመው ያላልኩትን ሁሉ ለሦስተኛው መርፌ ስል ዋልኩ። አሁን የደሙን ቀን እጠብቃለሁ። አዛውንቶቹ ምን ሆነሻል ይሉኛል። ምንም እላቸዋለሁ። እዚያ ቤት ሁላችንም ምንም ነን። አሳንሰሩ ተሠርቷል።

ከእንግዲህ ቢሮ አስገባልኝ አልልህም። የሚወደውን ይሥራ። ያንተን ነገር ግን በአንድ መስመር ጽፈህ አልፈኸዋል። ከመኪና ከወረድክ ምን ልትሆን ነው? ስለራስህ ጻፍልኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ስለራስህ።

እህትህ


ነሐሴ 27

ለእታለሜ፣

ከሰላምታው በፊት ይህን አንብቢ፦ ደሙ ንጹሕ ነው። በሽታው የለም፣ መከላከያውም ይዟል። አሁን ተቀምጠሽ አልቅሺና ወደ ሰላምታው ተመለሽ። እንደምን ሰንብተሻል?

ስለራስህ ጻፍ ላልሽኝ ይኸው። ከአለቃነትም ከመኪናም ወርጃለሁ። ለቀጮ ስትመኚለት የኖርሽው የስልክ ወንበር ለእኔ ሆነ። ትራሱ ጎድጓዳ ነው፣ ከእኔ በፊት የተቀመጠው ሰው ከባድ ነበር መሰለኝ።

ዛሬ ጠዋት አዲሷ አለቃ ስም ጠራች። ጉልቤ «አለሁ» አለ። ቀጮ ሲጠራ በራሱ አፍ «አለሁ» አለ፣ ከስንት ወር በኋላ። ጉልቤ አፉ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነክሶ ነበር። ከዚያ የእኔን ስም ጠራች። ከመኪና ሠራተኞች ጋር ገና ሳይሰረዝ ቀርቶ ነው እንጂ ክፋት የለባትም። ሁሉም አቀርቅሮ ጫማውን አየ። ጉልቤ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ቀጮ ክንዱን ያዘው፣ መልሶ ዘጋው። እኔ የስልክ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ነበር። «የለም» አልኩ። ራሴው ነኝ ያልኩት።

ገብቼ እንደተቀመጥኩ ስልኩ ጮኸ። አንዲት ሴት ከደረጃ ወድቀዋል። አድራሻውን ተቀብዬ ቀጮንና ጉልቤን ላክኋቸው፤ በመስኮት ልጅሽ ወደ መኪናው ሲሮጥ አየሁት። የእኔ እግር ጠረጴዛው ሥር ጫማ ይፈልጋል፣ ያንቺን ጫማ አድርጎ። ሲከፋኝ ተሰማኝ፣ ደስም አለኝ፣ የትኛው እንደበለጠ አልለየሁትም።

አሁን የምለምንሽ ጫማ አይደለም። ደውዪልኝ። ጣቢያው ላይ ሳይሆን ቤት። ማንም ሳይሞት፣ ማንንም ምንም ሳይወጋው፣ እንዲያው ደውዪ። መጀመሪያ ላይ «ማን ሞተ?» ብል ታገሺኝ፣ ልማድ ነው። «ማንም» በይኝና፣ ምሳ በልተሽ እንደሆነ ንገሪኝ። እውነቱን።

ወንድምሽ